የዲማክስ ፊት ወርዷል፤ የቶርሽን ባሩ ቡሎን ስንት ዙር ይጥበቅ?

ባለ ላሞቹ፣ ሱሉልታ
እሁድ ማታ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት። ዲማክስ ፒካፕ አለኝ፣ ሞዴሉ በፈረንጅ 2008፣ ደብል ጋቢና፣ ፎር ዊል። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ላሞች ስላሉኝ መኪናዋ በሳምንት ሦስት ቀን ፋጉሎና ፉርሽካ ትጭናለች፣ በሌላው ቀን ቤተሰብ ይዛ አዲስ አበባ ትወርዳለች። ችግሩ ፊቷ ወርዷል። ከጎን ስትታይ ውሃ ለመጠጣት እንዳጎነበሰች በሬ ነው የምትመስለው። ግራው ደግሞ ከቀኙ ይብሳል። አስፋልት ላይ ምንም አትል። ወደ ቤት የምገባበት ፒስታ ላይ ግን ጉድጓድ ስትገባ ጓ! ትላለች፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚሰማ ድምፅ ነው፣ እጄ ድረስ ይሰማኛል።

ባለፈው ወር ሰፈራችን ካለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ስር ገባ፣ አንድ ቁልፍ ይዞ ጠመዘዘ፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ስወጣ ፊቷ ብድግ ብሏል፣ ደስ አለኝ። በነጋታው ግን መንዳት አቃተኝ። ትንሽ ጉብታ ላይ ትዘላለች፣ መሪው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው አዲሱ ገበያ የደረስኩት። ተመልሼ ሄጄ መልስልኝ ስለው በግምት መለሰው። አሁን ድሮ ከነበረችበት በታች ሆናለች። ስንት ዙር እንዳጠበቀ፣ ስንት እንዳላላ እሱም አያስታውስም።

አሁን ራሴ ልሠራው ነው የማስበው። ቡሎኑ የት እንዳለ አይቻለሁ። ስንት ዙር ላጥብቅ? ፊቷን ከኋላው እኩል ማድረግ ነው የምፈልገው።


እግር ሠሪ፣ አለምገና
እሁድ ማታ 3:02

ወንድሜ፣ ከመንካትህ በፊት መጠየቅህ ጥሩ ነው። የፊት እግር ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ፣ እንዳንተ ዓይነት መኪና በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ስንት ዙር ለሚለው ጥያቄ መኪናዋን ሳያይ መልስ የሚሰጥህ ካለ አትስማው። ይሄ ሥራ ከቁልፍ በፊት ሜትር ነው የሚፈልገው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ይግባህ። ቶርሽን ባር ማለት ሞላ ነው። የተጠቀለለ ሳይሆን ቀጥ ብሎ የተኛ ሞላ። ከሻንሲው ጎን ለጎን የተዘረጋ ወፍራም የብረት ዘንግ ታያለህ። የፊተኛው ጫፉ የጎማውን አርም ይዟል። የኋለኛው ጫፉ ጋቢናው ስር ካለው መስቀለኛ ብረት ላይ በአጭር ክንድ ታስሯል። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ አርሙ ይነሳል፣ ዘንጉ እንደሚጨመቅ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ መልሶ ይገፋል። ልጁ የጠመዘዘው ቡሎን ያቺን አጭር ክንድ የሚገፋውን ነው።

ቡሎኑን ስታጠብቅ ታዲያ ሞላው አይጠነክርም። ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ አንዳንድ መካኒክም ጭምር። ‘ቶርሽኑን አጠንክርልኝ’ እያለ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ ነው። የዘንጉ ጥንካሬ የሚወሰነው በብረቱ፣ በውፍረቱና በርዝመቱ ነው፣ ቡሎን አይቀይረውም። ቡሎኑ የሚቀይረው ከፍታውን ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ዘለለችብህ? ፊቷ ሲነሳ አርሙ ወደ ታች ይወርዳል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ተከትሎ የሚወርድበት ቦታ ግን የተወሰነ ነው። በጣም ካነሳሃት ያ ቦታ ያልቃል፣ አርሙ በየጉብታው ማዶ የታችኛው ማቆሚያ ጋ እየደረሰ ይመታል። ያኔ ደረቅ ሆነች ትላለህ። መሪው የተንከራተተው ደግሞ ከፍታው ሲቀየር የጎማዎቹ አቅጣጫም ስለሚቀየር ነው። ከዚያ በኋላ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ የማስተካከል ሥራ፣ አልተሠራላትም፣ አይደል?

ነገ ጠዋት፣ መኪናዋ ባዶ ሆና፣ ሜዳ ቦታ ላይ፣ የአራቱንም ጎማ ነፋስ አስተካክለህ፣ ከቸርኬው መሀል ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። አራቱንም ጎማ። ከመሬት አትለካ፣ የጎማ ነፋስና የጎማ ማለቅ ያሳስትሃል። ጻፈውና አምጣው።


ነጭ ሃይሉክስ፣ ለገጣፎ
እሁድ ማታ 3:40

እኔ ግን ይሄን ያህል የሚያስፈራ ነገር አይመስለኝም። የድሮ ሃይሉክሴን ራሴ ነው ያነሳሁት፣ ግራና ቀኝ እኩል አራት አራት ዙር ሰጠኋት፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ፊቷ እኩል ሲሆን መኪና ያምራል፣ ስር የሚመታ ድንጋይም ይቀንሳል። ለገጣፎ ውስጥ ውስጡን መንገዱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እኩል ዙር ስጣት፣ ንዳት።


እግር ሠሪ፣ አለምገና
እሁድ ማታ 3:58

ለነጭ ሃይሉክስ፦ ያንተዋ ከመጀመሪያው ግራና ቀኟ እኩል ከነበረ እኩል ዙር ይሠራል። የእሱ ግን ግራው ወርዷል። እኩል ዙር ከሰጣት ከነመንጋደዷ ነው የምትነሳው። ደግሞ አሁን ቡሎኖቹ የት እንዳሉ ማንም አያውቅም፣ ልጁ በግምት ነው የመለሰው።

ያንተም አላይመንት ታይቶ የማያውቅ ከሆነ የፊት ጎማህን የውስጥና የውጭ ጠርዝ እጅህን አስገብተህ ዳብሰው። አንዱ ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጭር ነገር ከተሰማህ ጎማ እየበላህ ነው።


ነጭ ሃይሉክስ፣ ለገጣፎ
እሁድ ማታ 4:20

ወርጄ ዳበስኩት። የቀኙ የውስጥ ጠርዝ እንዳልከው ነው። ጎማውን ካስገባሁት ስምንት ወሩ ነው። ነገ አላይመንት እወስዳታለሁ፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ።


የገላኑ አዛውንት
ሰኞ ጠዋት 1:10

ልጆች፣ ጥሩ ውይይት ነው። እኔ በወጣትነቴ የታንክ ጥገና ላይ ነበርኩ። ቲ-55 የሚባለው ታንክ የቆመው በቶርሽን ባር ነው። ሆዱ ስር ዘንጎቹ ከጎን ወደ ጎን ተኝተው እያንዳንዱ የራሱን ጎማ ይሸከማል። ያ ሁሉ ብረት በተጠመዘዘ ዘንግ ላይ ነው የሚሄደው። የድሮዋ ቮልስም ዘመዷ ነች፣ ከፊት በኩል ቱቦ ውስጥ የተደረደሩ ስስ ብረቶች ናቸው እየተጠመዘዙ የሚሸከሟት። ስለዚህ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ የቆየና የተፈተነ ሥራ ነው።

አንድ የማሳስባችሁ ነገር አለ። የግራና የቀኝ ዘንግ አይለዋወጥም። ዘንጉ ፋብሪካ ላይ ሲሠራ በሚጠመዘዝበት አቅጣጫ አስቀድሞ ይጠመዘዝና ብረቱ እንዲለምድ ይደረጋል። ጫፉ ላይ የግራ ወይም የቀኝ ምልክት ይኖረዋል። ዘንግ አውጥቶ ያጸዳ መካኒክ አዘዋውሮ ካስገባው ዘንጉ ባልለመደው አቅጣጫ ይጠመዘዛል። ቶሎ ይወርዳል፣ ሊሰበርም ይችላል። ልጄ፣ ላሞች ያሉህን ማለቴ ነው፣ የመኪናህ ዘንግ ከዚህ በፊት ወጥቶ ያውቃል? የግራው ብቻ መውረዱ ነው ይሄን እንድጠይቅ ያደረገኝ።


ባለ ላሞቹ፣ ሱሉልታ
ሰኞ ጠዋት 3:30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከገዛኋት ስድስት ዓመቴ ነው፣ እኔ እጅ ከገባች ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ በፊት ያለውን አላውቅም፣ ዛሬ ስር ስገባ ምልክቱን አይልዎታለሁ።

ልኬቱ ይኸው። የፊት ግራ 45.8 ሴንቲ፣ የፊት ቀኝ 47.6። የኋላ ግራ 53.2፣ የኋላ ቀኝ 53.4። ጎማዎቹን ሞልቻለሁ፣ ታንከሩ ግማሽ ነው። ወተት ማስረከቢያው ጋ ያለው ሲሚንቶ ሜዳ ስለሆነ እዚያ ነው የለካሁት።

እንግዲህ የፊቱ ከኋላው ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ገደማ ያንሳል ማለት ነው። 6 ሴንቲ ላነሳ ነው?


እግር ሠሪ፣ አለምገና
ሰኞ ጠዋት 4:05

አይሆንም! 6 ሴንቲ እንዳታስበው።

አንደኛ፣ የፊትና የኋላ ፓራፋንጎ አቆራረጡ አንድ ዓይነት አይደለም። ይሄ ልኬት ግራን ከቀኝ ለማወዳደር ነው የሚጠቅመው። ፊትና ኋላን ለማወዳደር የበሩን ደፍ ለካ። ከፊተኛው በር ስር መጀመሪያ እስከ መሬት፣ ከኋለኛው በር ስር መጨረሻ እስከ መሬት። አራቱም ጎማ አንድ ቁጥር ከሆነ እሱ ነው እውነቱን የሚነግርህ።

ሁለተኛ፣ ፒካፕ ባዶ ሲሆን ኋላው ከፍ እንዲል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ባሌስትራው ጭነት ይጠብቃል። ስትጭናት ኋላው ይወርዳል፣ ያኔ ነው እኩል የምትሆነው። አንተ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ትጭናለህ። ባዶዋን እኩል ካደረግካት፣ ተጭና ስትሄድ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል። የፊት ጎማዎቹ ላይ ያለው ክብደት ይቀንሳል፣ መሪው ይቀልልብሃል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዝ ፊቷ ትንሸራተታለች።

እኔ ከ3 ሴንቲ በላይ አንሳ አልልም፣ እሱም ለወረደው ጎን ነው። ከዚያ በላይ የፊት አክስሉ መታጠፊያ አንግሉ ይበዛል፣ መታጠፊያውን የሸፈነው ላስቲክ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይወጣል፣ ቦልጆይንቱም (የአርሙ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ መሰል መጋጠሚያ) ከመስመሩ ውጪ ይሠራል። ፎር ዊል ስለሆነች ይሄ ለአንተ ዋና ነገር ነው።


የዱከም መንገድ ሹፌር
ሰኞ ቀን 7:20

መብራቱን ሳትጠቅሱት እንዳታልፉ። ፊቷ የተነሳ ፒካፕ ማታ ፊት ለፊት ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቀዋለሁ፣ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። አጭር መብራት አብርቶ ነው የሚመጣው፣ ግን መብራቱ ዓይኔ ውስጥ ነው ያለው። እሱ አጭር ነው ብሎ ያስባል። እኔ የመንገዱን ጠርዝ አላይም፣ እግረኛ አላይም፣ ጋሪ አላይም። በተለይ ጭነው ሲመጡ። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁለቱን ማታ የምትወርድ ከሆነ እባክህን ካነሳሃት በኋላ መብራቱን አስተካክል። ቀላል ነው። ግድግዳ ፊት ለፊት አቁመህ ሳታነሳት በፊት የብርሃኑ ጠርዝ የት እንዳረፈ በኖራ ምልክት አድርግ። ካነሳሃት በኋላ እዚያው ቦታ አቁመህ ወደ ምልክቱ መልሰው። ሁለት ደቂቃ ነው።


የሆለታዋ
ሰኞ ማታ 1:45

ሰላም ወንድሞቼ። እኔም ጥያቄ አለኝ። ሃይሉክስ ቪጎ ነች ያለችኝ፣ አትክልት ነው የምጭነው። ፊቷ ትንሽ ወርዷል። ሜካኒኩ ቶርሽኑን አጠብቅልሻለሁ፣ ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል ብሎኛል። ስር ሆኜ ያላችሁትን ዘንግ ብፈልግ አላገኘሁትም።


እግር ሠሪ፣ አለምገና
ሰኞ ማታ 2:00

እህቴ፣ ያላገኘሽው ስለሌለ ነው። ቪጎ ከፊት በኩል የተጠቀለለ ሞላ ነው ያላት፣ አሞርዛተሩ በመሀሉ ያልፋል። የሚጠብቅ ቡሎን የላትም። የወረደው ሞላው ደክሞ ወይም ላዩ ያለው ጎሚኒ አልቆ ነው። ለሌለ ነገር እንዳትከፍዪ። ጎማውን ፈትቶ ሞላውን ያሳይሽ።

ለሌሎቻችሁም፦ ዲማክስ በፈረንጅ እስከ 2011 አካባቢ የነበረው ሞዴል ቶርሽን ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሞላ ነው። የድሮው ኤል 200 እና የድሮው የኒሳን ዲ 22 ፒካፕ ቶርሽን ናቸው። ሃያስ ሚኒባስም ከፊት ቶርሽን ነው። የድሮ ሃይሉክስ ይለያያል፣ ከፊትም ባሌስትራ የሆነ አለ። በስም ከመከራከር ተንበርክኮ ማየት ይሻላል።


የሆለታዋ
ሰኞ ማታ 2:12

እግዜር ይስጥህ። ነገ ራሴ ቆሜ ነው የማስፈታው።


ባለ ላሞቹ፣ ሱሉልታ
ማክሰኞ ማታ 2:30

ዛሬ ስር ገባሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ደፉን ለካሁ። ከፊት 41 ሴንቲ፣ ከኋላ 44.5። ስለዚህ እውነተኛው ዘንበል ማለቷ 3.5 ነው፣ እኔ ግን 6 ላነሳ ነበር።

ከዚያ ጎማዎቹ ስር ድንጋይ አደረግኩ፣ ከሻንሲው ላይ በክሪክ ነፍቼ አነሳኋት፣ ጎረቤቴ ወፍራም የብረት ማቆሚያዎች አሉት፣ እነሱን አስገብቼ ክሪኩን ትንሽ አላላሁ። በክሪክ ብቻ አልገባሁም። በመጀመሪያ ያየሁት የግራውን ቡሎን ነው። ጭቃ ግጥም ብሎበታል፣ የሱሉልታ ጥቁር ጭቃ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው። በሽቦ ብሩሽ ስፈገፍገው ጥርሱ ብቅ አለ። ጫፉ ላይ የሚያበራ ቀለበት አለ፣ ልጁ ሲጠመዝዝ ዝገቱ የተላጠበት። ከዚያ በላይ ዝገት ነው። የቀኙንም ስፈገፍግ እንደዚሁ። በሜትር ስለካቸው ከቡሎኑ ወደ ውስጥ የገባው የግራው ከቀኙ በጣም ያንሳል። ልጁ ሲመልሰው የግራውን አብዝቶ አላልቶታል ማለት ነው። ጋሼ፣ የዘንጎቹን ጫፍ ጠርጌ አይቻለሁ፣ የግራው በግራ፣ የቀኙ በቀኝ ነው ያለው።

ያላሰብኩት ነገር ግን ሌላ ነው። የግራው አርም ወደ ላይ ሲመጣ የሚያርፍበት ጥቁር ጎማ፣ ስቶፐሩ፣ የለም። የቀኙ አለ፣ ተሰነጣጥቋል ግን አለ። የግራው ቦታ ላይ ቡሎኑ ብቻ ቀርቷል፣ ዙሪያው ብረቱ እያበራ፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ይመስላል። ያ ጓ! የሚለው ድምፅ እሱ ነው። አርሙ በቀጥታ ሻንሲውን እየመታ ነው የኖረው። እጄን ስጭንበት ብረቱ ጎድጎድ ብሏል።


እግር ሠሪ፣ አለምገና
ማክሰኞ ማታ 2:51

አየህ! ለዚህ ነው ስር ግባ የምለው። ልጁ ሥራውን ቢያውቅ ከቁልፉ በፊት ይሄንን ነበር የሚያይልህ። ፊቷን ብታነሳው ድምፁ ለጊዜው ይቀንስ ነበር፣ ምክንያቱም አርሙ ከሻንሲው ይርቃል። ከጭነት ጋር ግን ይመለሳል። ሰው ደግሞ ‘አሁንም አልበቃም’ ብሎ እንደገና ያጠብቃል። እንዲህ እየተባለ ነው መኪናዎቹ ሰማይ የሚወጡት።

ሁለቱንም ስቶፐር ቀይር። ሶማሌ ተራ ታገኛለህ፣ አሮጌውን የቀኙን ፈትተህ ይዘህ ሂድ፣ በስም ብቻ አትግዛ። ሻንሲው የተጎዳበት ቦታ ላይ ስንጥቅ እንዳለ በደንብ ጠርገህ በባትሪ እይ። ስንጥቅ ካለ ሌላ ሥራ ነው፣ ንገረኝ።

ስታጠብቅ ደግሞ እንዲህ አድርግ። ፊቷ ተነፍታ ጎማዎቹ አየር ላይ ይንጠልጠሉ፣ ያኔ ዘንጉ ላይ ያለው ጉልበት ይቀንሳል፣ ቡሎኑም አይበላም። ተሸክማ እያለች የምታጠብቅ ከሆነ የቡሎኑ ጥርስ ይላጣል። ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማስለቀቂያ ርጨው፣ ከዚያ ግሪስ ቀባው። ከመጀመርህ በፊት የቡሎኑን ቦታ በቀለም ምልክት አድርግ፣ የወጣውን ጥርስም በሚሊ ለክተህ ጻፍ። የጠፋብህ እንደሆነ የምትመለስበት ቦታ ይኖርሃል። እያንዳንዱን ዙር ቁጠር።

ግማሽ ሠርተህ አውርዳት። ካወረድካት በኋላ ወዲያው አትለካ! ጎማዎቹ ስትነፋት ወደ ውስጥ ተሰብስበዋል፣ መሬት ሲነኩ ይነክሳሉ፣ ከፍታውን ይዋሹሃል። ወደፊት አሥር ሜትር ወደኋላ አሥር ሜትር ንዳት፣ ፊቷን ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርጋት፣ ከዚያ ለካ።

ቡሎኑን ጨርሰህ እንዳታወጣው። ዘንጉ የተጠመዘዘ ነው፣ ጉልበት ይዟል። ያቺ አጭር ክንድ ከለቀቀች አጥንት ትሰብራለች። ፊትህን ከስሯ አርቅ።


ነጭ ሃይሉክስ፣ ለገጣፎ
ረቡዕ ጠዋት 4:15

እኔ ትናንት አላይመንት ሄድኩ። ጎማዎቹ ወደ ውጭ ተከፍተው ነው የተገኙት፣ ባለሙያው ማሽኑ ላይ አሳየኝ። አስተካክሏል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ወፍራም ቶርሽን ባር ባስገባባትስ? አንድ ሰው 2 ሚሊ የሚወፍር አለኝ ብሎኛል። 2 ሚሊ ምን ለውጥ አለው?


የገላኑ አዛውንት
ረቡዕ ጠዋት 5:00

ልጄ፣ 2 ሚሊ ብዙ ነው። የዘንግ ጥንካሬ ውፍረቱ በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ነው የሚሄደው። ዘንጉ 25 ሚሊ ነበር እንበል፣ 27 አደረግከው። ርዝመቱና ብረቱ ያው ከሆነ ጥንካሬው በ36 በመቶ ይጨምራል። ከባድ የብረት ፓራውልት፣ ዊንች፣ እንዲህ ያለ ነገር ከፊት ላልጫነ መኪና ይሄ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነው። አሞርዛተሩም ለዚያ ሞላ የተሠራ አይደለም፣ ሊቆጣጠረው አይችልም። የፊት ጭነትህ ካልጨመረ ተወው።


ባለ ላሞቹ፣ ሱሉልታ
ቅዳሜ ማታ 1:20

ተሠራ። ከጠዋት ጀምሬ እስከ ቀን 8 ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግን ተሠራ።

ስቶፐሮቹን ሶማሌ ተራ አገኘሁ። አሮጌውን ይዤ መሄዴ ረዳኝ፣ የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ ቁመቱ ልክ ሆኖ ቡሎኑ ቀጭን ነበር። ሦስተኛው ሱቅ ልኩን አገኘሁ። ሻንሲው ላይ ስንጥቅ የለም፣ ጠርጌ በባትሪ አይቼዋለሁ፣ ጎረቤቴም አይቷል፣ እሱ በያጅ ነው። ቀለም ቀብቼ ስቶፐሩን አሰርኩ።

ከዚያ ቡሎኖቹ። የግራውን በመጀመሪያ ሁለት ዙር ሰጠሁት፣ አወረድኳት፣ ወደፊት ወደኋላ ነዳኋት፣ ለካሁ። 11 ሚሊ ተነሳ። ስለዚህ በእኔ መኪና አንድ ዙር 5 ሚሊ ተኩል አካባቢ ነው። ሁለተኛ ነፍቼ ሦስት ዙር ጨመርኩ። በድምሩ አምስት። 48.6 ደረሰ። የገረመኝ ቀኙ ነው፣ ሳልነካው 2 ሚሊ ተነስቷል። ቀኙን አንድ ዙር ተኩል ሰጠሁት፣ እሱም 48.6 ላይ ቆመ።

ካወረድኳት በኋላ ወዲያው እንዳልለካ ነግረኸኝ ነበር፣ እግር ሠሪ፣ አንዴ ግን ቸኩዬ ወዲያው ለካሁ። ከትክክለኛው 2 ሴንቲ ከፍ ብላ ነው የታየችኝ! አሥር ሜትር ስነዳት ወረደች። ይሄን ባላውቅ ኖሮ ግማሹን መልሼ አላልቼው ነበር።

ደፉ አሁን ከፊት ወደ ኋላ በ2.3 ሴንቲ ነው የሚበልጠው። ከጎን ሳያት እንደ ድሮው አላጎነበሰችም፣ ጨርሶ እኩል ግን አይደለችም። እዚያው ተውኳት።


እግር ሠሪ፣ አለምገና
ቅዳሜ ማታ 1:48

በጣም ጥሩ። ቀኙ የተነሳው ግራውን ስታነሳ ክብደቱ ከቀኙ ላይ ስለሚቀንስ ነው። ለዚህ ነው አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የማይሆነው፣ እየተመላለሱ ነው።

ሰኞ አላይመንት ውሰዳት። በመካከሉ ሩቅ አትሂድ። ካምበሩንም (ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉን) ቶውንም (ጎማዎቹ ከፊት በኩል መጥበብ ወይም መከፈታቸውን) እንዲያዩ ንገራቸው፣ አንዳንድ ቦታ ቶውን ብቻ ነክተው ይለቃሉ። እና ዛሬ ሳይሆን አንዴ ጭነህ ለክተህ ንገረኝ።


የሆለታዋ
እሁድ ጠዋት 3:05

ስለ ቪጎዋ ላሳውቃችሁ። ሞላውን አስፈታሁት። የግራው ከታች በኩል ጫፉ ተሰብሮ ኖሯል፣ የጣት ግማሽ የሚያህል ቁራጭ መቀመጫው ውስጥ ተኝቶ አገኘነው። ሜካኒኩ ዝም አለ። ሁለቱንም ልቀይር ነው። እናንተን ባልጠይቅ ኖሮ ለግማሽ ቀን ‘ማጥበቅ’ ከፍዬ ነበር።


እግር ሠሪ፣ አለምገና
እሁድ ጠዋት 3:30

ጥንድ አድርገሽ መቀየርሽ ልክ ነው። አንዱን ብቻ ብትቀይሪ ዘንበል ትልብሻለች። ሞላው ሲጨመቅ በማጥበቂያው ይታሰር፣ በገመድና በሽቦ የሚያስር ካየሽ አስቁሚው፣ ሰው ይገድላል።


ባለ ላሞቹ፣ ሱሉልታ
ሐሙስ ማታ 2:10

አላይመንት ሰኞ ተሠራ። ዛሬ 8 ኩንታል ፋጉሎ ጭኜ ለካሁ። ኋላዋ 4 ሴንቲ ተኩል ወረደ፣ ፊቷ 5 ሚሊ ተነሳ። የፊት ደፉ ከኋላው በ1 ሴንቲ ከፍ ብሏል። ባዶዋን እኩል አድርጌያት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከ3 ሴንቲ በላይ አፍንጫዋን አንስታ ነበር የምትሄደው። መሪው ከበድ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው።

የዱከሙ ወንድሜ፣ መብራቱን አስተካክያለሁ፣ የወተት ማስረከቢያው ግድግዳ ላይ በኖራ ምልክት አድርጌ። ሁለቱም 4 ጣት ያህል ወደ ላይ ሄደው ነበር። ተጭና ስለምትነሳ ከምልክቱ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት።

ማታ ወደ ቤት ስገባ ያቺ ጉድጓድ ላይ ሆን ብዬ ቀስ አልኩ፣ ከዚያ እንደ ድሮው ፍጥነት ገባሁባት። ዱብ አለች። ጎማ ጎማ የሚል ድምፅ ነው። ባለቤቴ ከጎኔ ነበረች፣ ‘ምን ሆነች ዛሬ?’ አለችኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የግራው ከቅዳሜ ወዲህ 3 ሚሊ ወርዷል፣ 48.3 ነው። ቀኙ አልተነቃነቀም። ልንካው?


እግር ሠሪ፣ አለምገና
ሐሙስ ማታ 2:34

አምስት ዙር የተሰጠው ዘንግ ትንሽ ይቀመጣል፣ አዲሱ ጎሚኒና ቡሎኑም ቦታ ይይዛሉ። 3 ሚሊ ምንም አይደለም፣ ከነካኸው አላይመንትህን ታበላሻለህ። የቀለም ምልክቱን እይ፣ ቡሎኑ ራሱ ካልዞረ ተወው። በወሩ ለካ። ከ1 ሴንቲ በላይ ከወረደ ዘንጉ ደክሟል ማለት ነው፣ ያኔ ቡሎን ሳይሆን ዘንጉን አውጥተን አንድ ጥርስ አዙረን እንመልሰዋለን፣ ወይ እንቀይረዋለን። ያን ጊዜ ብቻህን አትሥራው፣ አለምገና ድረስ አምጣት።


ባለ ላሞቹ፣ ሱሉልታ
ሐሙስ ማታ 2:41

የቀለሙ ምልክት እንዳለ ነው፣ አልዞረም። ተውኩት። በወሩ ለክቼ እዚሁ እጽፋለሁ።